ገመዱና መዝገቡ፤ የመሬት ቅየሳና የንግድ ሥራ ትምህርት አብረው የኖሩበትና የተለያዩበት ታሪክ

የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ ሙያችን ትምህርት ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ መሣሪያዎቻችን ለመጻፍ ነበር። ከገመድ ወደ ሰንሰለት፣ ከሰንሰለት ወደ ቴዎዶላይት፣ ከቴዎዶላይትም ወደ ሳተላይት መቀበያ የተደረገው ጉዞ ደስ የሚል ታሪክ አለው። ይሁን እንጂ ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። በአንጻሩ ደግሞ በባልደረቦቻችን መካከል በተገናኘን ቁጥር የሚነሣ፣ ሲነሣም ድምፅ ከፍ የሚያስደርግ ሌላ ጉዳይ አለ። ይኸውም በዩኒቨርሲቲ ቅየሳን የሚያጠና ተማሪ ከዚያው ጋር የንግድ ሥራን ትምህርት፣ ማለት የሒሳብ አያያዝን፣ የንብረት ግምትን፣ የውልን ሕግና የሥራ አመራርን አብሮ ይማር ወይስ አይማር የሚለው ነው።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙት ወገኖች ነገሩን እንደ አዲስ ፈሊጥ ይቆጥሩታል። የሚደግፉትም ቢሆኑ ብዙዎቹ እንደ አዲስ ግኝት አድርገው ያቀርቡታል። እኔ ግን ታሪኩን በተመለከትሁ መጠን ሁለቱም የተሳሳቱ መስሎ ይታየኛል። መለካትና መገመት፣ ገመድና መዝገብ፣ ከጥንት ጀምሮ የአንድ ሰው ሥራ ነበሩ። አዲሱ ነገር መለያየታቸው ነው። እንዴት እንደ ተለያዩና መለያየታቸው ማንን እንደ ጎዳ ለማሳየት እሞክራለሁ። የውጭ አገር ዘመናትን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገራችንን ደግሞ በራሳችን አቆጣጠር መጻፌን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

ሄሮዶቱስ ስለ ግብፅ በጻፈበት በሁለተኛው መጽሐፉ ስለ ምድር ልክ አጀማመር የሰማውን ይተርካል። ንጉሥ ሴሶስትሪስ ለግብፃውያን እኩል የሆነ አራት ማዕዘን መሬት አከፋፍሎ በየዓመቱ ግብር እንዲከፍሉ አደረገ። ዓባይ ከአንዱ ሰው ድርሻ ላይ ቆርሶ የወሰደ እንደሆነ ባለመሬቱ ወደ ንጉሡ ሄዶ ያመለክታል። ንጉሡም የጎደለውን መጠን መርምረው የሚለኩ ሰዎች ይልካል፤ ግብሩም በቀረው መሬት ልክ ይቀነስለታል። (ያ ጎርፍ አብዛኛው ከእኛው ደጋ የወረደ መሆኑ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቀያሾች የተለየ ትርጉም አለው።) ሄሮዶቱስ የጂኦሜትሪ ዕውቀት ከዚህ ተነሥቶ ወደ ግሪክ አገር ሳይሻገር እንዳልቀረ ያስባል። ትረካው በሙሉ እውነት ይሁን አይሁን ሊቃውንት ይከራከሩበት፤ ለእኛ ጉዳይ የሚበቃው ነገር ግን ግልጽ ነው። የንጉሡ ለኪ የተላከው የማሳውን ቅርጽ ለማወቅ ብቻ አልነበረም። ልኩ የሚያልቀው በመዝገብ ላይ፣ ከአንድ ሰው ግብር ላይ በሚቀነስ ቁጥር ነበር። ለኪው ይህን ሳያውቅ ወደ ማሳው ይወርድ ነበር ብሎ ማሰብ አይቻልም።

ከዚያ ብዙ ዘመን ዘልለን ወደ ኢጣልያ የንግድ ከተሞች ብንሻገር ይኸው ዝምድና በትምህርት ቤት ውስጥ ተቀምጦ እናገኘዋለን። የፒዛው ሊዮናርዶ፣ ፊቦናቺ በሚለው ስም የሚታወቀው፣ በ1202 ለነጋዴዎች የሚጠቅም ታላቅ የሒሳብ መጽሐፍ ጻፈ። ወዲያውም በ1220 ስለ ተግባራዊ ጂኦሜትሪ ሌላ መጽሐፍ ጨመረ፤ በዚህም ውስጥ የመሬት አለካክ ሰፊ ቦታ አለው። ከእርሱ በኋላ በኢጣልያ ከተሞች የተስፋፉት የስሌት ትምህርት ቤቶች የነጋዴን ልጅ የገንዘብ ምንዛሪንና የሽርክና ትርፍ አከፋፈልን ከልክ ጋር ያስተምሩት ነበር። በ1494 በቬኒስ የታተመው የሉካ ፓቾሊ መጽሐፍ ደግሞ የዚህ ትምህርት ታላቅ ማጠቃለያ ነው። ዛሬ በየንግድ ሥራ ኮሌጁ የፓቾሊ ስም የሚነሣው እያንዳንዱን ሒሳብ በዴቢትና በክሬዲት ሁለት ጊዜ የመመዝገብን ዘዴ በኅትመት ስላስተዋወቀ ነው። ነገር ግን የሒሳብ ሠራተኞች የማያነሡት፣ ቀያሾችም ጨርሶ የማናውቀው አንድ ነገር አለ፤ የዚያው መጽሐፍ ሁለተኛ ክፍል ጂኦሜትሪ ነው። የዛሬው የሒሳብ ሠራተኛ «የሙያችን አባት» የሚለውን ሰው ቀያሹም በእኩል መብት አያቴ ሊለው ይችላል። ሁለቱ የልጅ ልጆች አለመተዋወቃቸው የአያትየው ጥፋት አይደለም።

በእንግሊዝ አገር ነገሩ በቃሉ ውስጥ ራሱ ይገኛል። ዛሬ «ቀያሽ» ብለን የምንተረጉመው የእንግሊዝኛ ቃል መነሻው ከላይ ሆኖ የሚመለከት፣ የሚቆጣጠር ማለት ነው። በ1523 በፊትዝኸርበርት ስም የታተመው የቅየሳ መጽሐፍም ስለ ማዕዘንና ስለ መስመር ከሚናገረው ይልቅ ስለ ርስት አስተዳደር፣ ስለ ጭሰኛ ግዴታና መሬት እንዴት እንደሚሻሻል የሚናገረው ይበልጣል። ገመዱና ስሌቱ እየረቀቁ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በ1607 ጆን ኖርደን በጥያቄና መልስ መልክ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ገበሬ ቀያሹን ፊት ለፊት ይወቅሰዋል። እናንተ ከመጣችሁ ወዲህ ኪራይ ጨመረ፣ ሰውም ከመሬቱ ተነቀለ የሚል ነው የወቀሳው መንፈስ። ከዚያ ወዲህ አራት መቶ ዓመት አልፏል፤ ዛሬም ችካል ይዞ ወደ ገጠር የወረደ ማናቸውም ባልደረባ ይህን ወቀሳ በሌላ ቋንቋ ሰምቶታል።

በ1620 ኤድመንድ ጉንተር ያወጣው ሰንሰለት የሁለቱን ሥራዎች ጋብቻ በብረት ያሰረ መሣሪያ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ርዝመቱ 66 ጫማ ሲሆን በ100 ቀለበቶች የተከፈለ ነው። 10 ካሬ ሰንሰለት አንድ ኤከር ይሆናል። ስለዚህ ቀያሹ ርዝመቱንና ወርዱን በቀለበት ቆጥሮ ካባዛ በኋላ አምስት አኃዝ ወደ ግራ ቆርጦ ኤከሩን ያገኛል፤ ኤከሩን በዋጋ ማባዛት ብቻ ይቀረዋል። ሰንሰለቱ የተሠራው በሜዳ ላይ ለሚሠራው ሰው ምቾት ብቻ ሳይሆን ማታ በመብራት መዝገብ ለሚሞላው ሰው ምቾት ጭምር ነበር፤ ሁለቱም ደግሞ አንድ ሰው ነበሩ።

ለእኛ ሙያ ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ይገኝበታል የምለው ግን የሚላኖ ታሪክ ነው። የሚላኖ ግዛት በኦስትርያ ሐፕስበርግ ነገሥታት እጅ በነበረበት ጊዜ፣ የመሬት ግብሩ እጅግ የተዛባ ስለ ነበር፣ በ1718 አዲስ የመሬት ቆጠራ እንዲደረግ ታዘዘ። ለልኬቱ የተመረጠው በቪየና ቤተ መንግሥት የሒሳብ ሊቅ የነበረው ማሪኖኒ ነው። ማሪኖኒ በየቦታው ያሉት የአካባቢ ለኪዎች እያንዳንዳቸው በገዛ ራሳቸው ዘዴ እንዲሠሩ አልፈቀደም። ካርታው በሜዳው ላይ እንዳለ በሰሌዳ ጠረጴዛ እንዲነሣ፣ ሚዛኑም ለሁሉም አንድ እንዲሆን አደረገ። ውጤቱም የሚያስደንቅ ነበር። ከ1720 እስከ 1723 ባለው ጊዜ፣ በሦስት ዓመት ያህል ውስጥ ብቻ፣ የግዛቱ ልኬት ተፈጸመ።

እንግዲህ ካርታው ተጠናቀቀ፤ ግብሩ መቼ ተስተካከለ? መልሱ በጥር ወር 1760 ነው። በካርታውና በግብሩ መካከል ወደ 37 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለፈ ማለት ነው። በእርግጥ በመካከሉ በ1733 የተነሣው ጦርነት ሥራውን አቋርጦታል። ነገር ግን ጦርነቱ ከመነሣቱ በፊትም ቢሆን አሥር ዓመት ያህል ካርታው ተሠርቶ ተቀምጦ ነበር። ያስቸገረው የመሬቱ ስፋት ሳይሆን የመሬቱ ግምት ነበር። አንዱ ማሳ በመስኖ የሚጠጣ ነው፤ ሌላው ደረቅ ነው። አንዱ የወይን ተክል አለው፤ ሌላው የሐር ትል የሚመገበውን የእንጆሪ ዛፍ በዳርቻው ተክሏል። የጎርፍ ጉዳት፣ የቦይ ጥገና ወጪ፣ የመከር መዋዠቅ እንዴት ይቀነስ? ባለርስቶቹ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ተከራከሩ። ሥራው ከፍጻሜ የደረሰው በ1749 የፍሎሬንሱ የሕግ ሰው ፖምፔዮ ኔሪ የሁለተኛው ጉባኤ መሪ ሆኖ ከተሾመ በኋላ ነው። አዳም ስሚዝ በ1776 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ የሚላኖን ቆጠራ እስከዚያ ዘመን ከተሠሩት ሁሉ እጅግ ትክክለኛ ከሚባሉት አንዱ አድርጎ ጠቅሶታል።

ስለዚህ ታሪክ ረዘም አድርጌ መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። ሙያችን ከማሪኖኒ ጋር ራሱን ማወዳደር ይወዳል፤ ሦስቱን ዓመት እናስታውሳለን። 37ቱን ዓመት ግን የሌላ ሰው ሥራ አድርገን እንተወዋለን። በሌላ በኩል ደግሞ ታሪኩ ለተቃራኒው ወገንም አንድ መከራከሪያ ያቀብላል። ማሪኖኒ ማሪኖኒ ነበር፤ ኔሪም ኔሪ። አንድ ሰው ሁለቱን ሥራ አልሠራም፤ መሥራትም አይችልም ነበር ይባል ይሆናል። ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን ኔሪ የማሪኖኒን ካርታ ማንበብ ይችል ነበር፤ የማሪኖኒም ካርታ የተነሣው ለግብር መሆኑን ታስቦ እያንዳንዱን ማሳ ከነቁጥሩ ለይቶ ነበር። አንዱ የሌላውን ቁጥር ወዴት እንደሚወስደው አውቀዋል። ከተማሪዎቻችን የምፈልገውም ከዚህ አይበልጥም።

ሙያው በማኅበር የተደራጀበትን ዘመን በአጭሩ ልለፈው። በ19ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ በእንግሊዝ አገር የባቡር ሐዲድ እንደ ሸረሪት ድር ሲዘረጋ፣ ኩባንያዎቹ መሬት በግዴታ ገዝተው ካሳ መክፈል ነበረባቸው። የካሳውን ሥርዐት የሚወስን ሕግም በ1845 ወጣ። ለባለመሬቱ የሚከራከር ቀያሽ፣ ለኩባንያውም የሚከራከር ቀያሽ በአንድ ችሎት ፊት ይቆሙ ነበር፤ ሁለቱም የሚያቀርቡት ካርታ ብቻ ሳይሆን ዋጋም ጭምር ነበር። የለንደን ቀያሾች በ1868 ማኅበራቸውን ሲመሠርቱ ጆን ክላተን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1881ም ከንግሥቲቱ ቻርተር ተቀበሉ። ዛሬ በዓለም የታወቀው የብሪታንያ ቻርተርድ ቀያሾች ማኅበር ይኸው ነው። በ1910 በወጣው የገንዘብ ሕግ መንግሥት የአገሩን መሬት በሙሉ ለማስገመት በተነሣ ጊዜ የገማች እጥረት በግልጽ ታየ። በ1919 የርስት አስተዳደር ኮሌጅ በለንደን ተቋቋመ፤ ቅየሳን፣ ግምትን፣ ሕግንና የሒሳብ አያያዝን በአንድ ፕሮግራም ማስተማር ጀመረ። ካምብሪጅም የርስት አስተዳደርን ትምህርት ተቀብሎ በኋላ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የመሬት ኢኮኖሚ ብሎ ሰየመው። የለንደኑ ኮሌጅ የዲግሪ ትምህርት ደግሞ በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ ሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። የዚያ ዩኒቨርሲቲ የንብረትና የፕላን ትምህርት ክፍል ዛሬ የሚገኘው፣ በ2008 በተቋቋመው የሄንሊ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ቀያሽ ሊሆን የሚሻ ተማሪ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በር ያንኳኳል ማለት ነው። በሌላ አገር ግን፣ በተለይም የአውሮፓን የምሕንድስና ትምህርት ባህል በተከተሉት ዘንድ፣ ቅየሳ ከምሕንድስና ጋር ሄደ፤ ግምት ወደ ኢኮኖሚ ወይም ወደ ንግድ ሥራ ሄደ። እኛም የወረስነው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በደቡቡ የአገራችን ክፍል መሬት በቀላድ መለካቱን ሁላችንም እናውቃለን። ቀላዱ ገመድ ነው፤ ርዝመቱም በብዙ ቦታ 133 ክንድ፣ ማለት 66 ሜትር ተኩል ያህል ይደርስ ነበር። (የጉንተርም ሰንሰለት 66 ነው፤ የእርሱ ግን ጫማ እንጂ ሜትር ስላልሆነ በቁጥሩ መገጣጠም ማንም አይሳሳት።) በቀላድ የተለካው መሬት በጋሻ ይቆጠራል፤ አንድ ጋሻም በአማካይ 40 ሔክታር ያህል ነው። ሲሶው ለባላባቱ ተትቶ የቀረው ለመንግሥት፣ ለወታደርና ለቤተ ክርስቲያን ይደለደል ስለ ነበር፣ ቀላድ ጣዩ ከመሬት ጋር የሰውን ዕድል ይለካ ነበር። የኖርደን ገበሬ ወቀሳ እዚህም ነበረ፤ እዚህስ ከዚያ የባሰ ነበር። ይህን ሳይጠቅሱ ስለ ቀላድ ጥበብ ብቻ መጻፍ ተገቢ አይመስለኝም።

ከሙያው አንጻር ግን አንድ ልብ የሚሉት ነገር አለ። ቀላድ ጣዩ ጋሻውን ከለካ በኋላ ሥራው አላለቀም። መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍ ወይም ጠፍ ተብሎ መመደብ ነበረበት። ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ በአንድ ጋሻ ላይ የተወሰነው ግብር ለለም 15 ብር፣ ለለም ጠፍ 10 ብር፣ ለጠፍ 5 ብር ነበር። እንግዲህ ይታሰብ፤ ቀላዱ በአንድ ጋሻ ላይ ከአሥር አንድ እጅ ቢሳሳት ለለም መሬት የሚያስከትለው ልዩነት አንድ ብር ተኩል ነው። ዐይኑ ከለም ጠፍ ወደ ለም ቢሳሳት ግን ልዩነቱ 5 ብር ይሆናል። የገመድ ስሕተት ከግምት ስሕተት ያንሳል። አባቶቻችን ሽማግሌዎችን አስቀምጠው መሬቱን ያስመድቡ የነበረውም ስለዚህ ነው። ምደባው ምን ያህል እንደሚዛባና ለጉልበተኛ እንደሚያደላ ከሽማግሌዎች የሰማነው ብዙ ነው። ሆኖም መለካትና መመደብ በአንድ ጉዞ፣ በአንድ ጉባኤ ፊት ይፈጸሙ ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ሁለቱ በየራሳቸው ቤት ገቡ። የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ተከፈተ። በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅ ደግሞ በ1947 ዓ.ም. ልደታ ላይ ሥራ ጀመረ፤ ቅየሳም በዚያ ከሕንፃ ምሕንድስና ትምህርቶች እንደ አንዱ ተሰጠ። ከንግድ ሥራ ትምህርት ቤቱ እስከ ልደታ በእግር የሚሄድ ሰው ብዙ አይደክምም። ይሁንና በዚህችው አጭር መንገድ ላይ የሁለቱ ቤት ተማሪዎች የተሻገሩ አይመስለኝም። በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ሲቋቋም የሕንፃ ኮሌጁ ከምሕንድስናው ወገን ተመደበ፤ የንግድ ሥራ አስተዳደርም የራሱን ኮሌጅ ይዞ ቆመ። መለያየቱ በማንም ክፋት የመጣ አይደለም። አንዱ ቤት ከስዊድን፣ ሌላው ከሌላ አገር መምህራን አመጣ፤ እያንዳንዱም በአገሩ ያየውን ሥርዐት ተከለ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ መለያየቱን ይበልጥ አጸናው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተከተለ። መሬት የማይሸጥ ከሆነ መገመቱ ለምን ይጠቅማል የሚለው አስተሳሰብ በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ ሠረፀ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑ ጸንቷል። እኔ እስከማስታውሰው ድረስ በእኛ ዘንድ የነበረው የተለመደ አባባል «እኛ እንለካለን፤ ዋጋውን የሚመለከተው ክፍል ያውጣ» የሚል ነበር። የሚመለከተው ክፍል ማን እንደሆነ ግን ጠይቆ የሚያውቅ አልነበረም።

መሬት አለመሸጡ ግምትን አላስቀረውም፤ እንዲያውም ይበልጥ አከበደው። የሚሸጥ ነገር ዋጋው ቢያንስ በገበያ ይጠየቃል። የማይሸጥ ነገር ሲወሰድ ግን ካሳውን የሚያወጣው ስሌት ብቻ ነው። በ1986 ዓ.ም. የከተማ ቦታ በሊዝ እንዲያዝ ታወጀ፤ የመጠቀም መብት ዋጋ ተመልሶ መጣ። በ1997 ዓ.ም. የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456፣ ከእርሱም ጋር ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት ስለሚለቀቅበትና ካሳ ስለሚከፈልበት ሁኔታ አዋጅ ቁጥር 455 ወጡ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የካሳ ደንብ ቁጥር 135 ለሰብል የሚከፈለውን ካሳ በቀመር አስቀመጠ፤ የመሬቱ ስፋት በካሬ ሜትር፣ ሲባዛ በአንድ ኪሎ ሰብል ዋጋ፣ ሲባዛ ከአንድ ካሬ ሜትር በሚገኝ ምርት፣ ሲደመር በመሬቱ ላይ ለተደረገ ቋሚ ማሻሻያ የወጣ ወጪ። ይህን ቀመር ሳይ ፓቾሊ ትዝ ይለኛል። የመጀመሪያው ቁጥር የቀያሹ ነው፤ ሁለተኛው የነጋዴው ነው፤ ሦስተኛው የገበሬው ነው። ሦስቱም ተባዙ እንጂ ተደመሩ አልተባለም። በተባዛ ነገር ውስጥ የአንዱ ስሕተት በሌሎቹ ሁሉ ይባዛል።

ለምሳሌ ያህል 50 ሜትር በ50 ሜትር የሆነ ማሳ እንውሰድ፤ ስፋቱ 2500 ካሬ ሜትር ነው። አንዱን ጎን 49 ሜትር ብለን ብንጽፍ 50 ካሬ ሜትር ይጎድላል። ከአንድ ሔክታር 30 ኩንታል ይገኛል ብንል ጉድለቱ በዓመት 15 ኪሎ እህል ነው፤ ማንም ደንታ የሚሰጠው አይመስልም። ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 455 መሠረት በቋሚነት ለሚፈናቀል ባለይዞታ የሚከፈለው የዓመታዊ ገቢው አማካይ አሥር እጥፍ ነበር። እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ባለፉት ሦስት ዓመታት ከተገኘው ከፍተኛ ገቢ አሥራ አምስት እጥፍ አደረገው። ስለዚህ 15 ኪሎው 225 ኪሎ ይሆናል። አንድ ሜትር ማለት ከሁለት ኩንታል በላይ እህል ማለት ነው። ይህን ያልተነገረው ወጣት ቀያሽ ከሰዓት በኋላ ድካም ሲሰማው አንዷን ሜትር በግምት ቢሞላት ብዙ አልፈርድበትም። አስተማሪዎቹ ስለ ስሕተት ያስተማሩት በሴንቲሜትር እንጂ በኩንታል አልነበረም።

በዚህ ረገድ የተጀመረ መልካም ነገር መኖሩን መመስከር ይገባል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የመሬት አስተዳደር ተቋም ሕግን፣ ቅየሳንና የንብረት ግምትን በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ለማስተማር ተነሥቷል። ከዚያ የወጡ ወጣቶች ከእኛ ጋር ሲሠሩ አይቻለሁ። የስሕተት ማስተካከያ ስሌት ላይ ከምሕንድስና ከወጡት ባልደረቦቻቸው ያነሡበት ጊዜ አለ፤ ይህን መሸሸግ አያስፈልግም። ተቃዋሚዎቹም ትልቁን ጠጠር የሚወረውሩት በዚህ ላይ ነው። አንድ በእድሜ የሚበልጡኝ የሥራ ባልደረባ «ሁለት ግማሽ ትምህርት አንድ ሙሉ ሰው አያወጣም» ይሉኛል። ስጋታቸው ተገቢ ነው። የንግድ ሥራ ትምህርት በሚል ስም የገበያ ማስታወቂያና የሸማች ጠባይ ጥናት ለቀያሽ ተማሪ መጫን የጊዜ ብክነት ነው። ከዚያ ቤት የምንፈልገው የሒሳብ አያያዝን፣ የግምትን ዘዴ፣ የወለድንና የዋጋን ስሌት፣ የውልንም ሕግ ነው። አራቱ በሁለት ሴሚስተር ሊሰጡ ይችላሉ። የመሣሪያ ልምምድ ሰዓት ግን አንዲትም ደቂቃ እንዳይቀነስ እላለሁ፤ በዚህ ላይ ከእኒያ ባልደረባዬ ጋር አንለያይም።

እኔ ራሴ ይህን ትምህርት የተማርሁት በዩኒቨርሲቲ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 455 በወጣ ሰሞን በአንድ የደጋ ወረዳ ውስጥ ለሚያልፍ መንገድ የመስመሩን ግራና ቀኝ እንድለካ ተልኬ ነበር። መሣሪያው ጥሩ ነበር፤ ሥራዬም እንደሚመስለኝ ንጹሕ ነበር። በማሳ መዝገቤ ላይ ከመሬት ገጽታ ማውጫው ላይ እየወሰድሁ የማየውን እመዘግባለሁ፤ ማሳ፣ ግጦሽ፣ ባሕር ዛፍ፣ ቁጥቋጦ። ከአንዲት አሮጊት ቤት ጓሮ ስደርስ ዝቅ ያለ አረንጓዴ ተክል በመስመር ተተክሎ አየሁና «ቁጥቋጦ» ብዬ ጻፍሁ። ዝርዝሩ ወደ ካሳ ኮሚቴው ሄደ። ኮሚቴው ለቁጥቋጦ ካሳ የለም ብሎ አለፈው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አሮጊቷ በልጅ እየተደገፉ ወደ ሰፈራችን መጡ። እጃቸው ላይ የቅጠል እስር ይዘዋል።

«ልጄ፣ ይህን የጻፍኸው አንተ ነህ አሉኝ፤» አሉ።

«እማማ፣ ምንድን ነው እርሱ?» አልኋቸው።

«ጌሾ ነዋ! የጠላ ጌሾ። ከባለቤቴ ሞት ወዲህ የገበያ ቀን ይዤ የምወጣው እርሱን ነው። ጨውና ጋዝ የሚገባበት፣ የእነዚህ ልጆች ደብተር የሚገዛበት። አንተ ቤት ጌሾ አይጠመቅም?»

በእኛም ቤት ጌሾ ይጠመቅ ነበር፤ በተክሉ ላይ ግን አይቼው አላውቅም፤ በገበያ ደርቆ በስፌት እንጂ። የጓሮውን ስፋት እስከ ሴንቲሜትር አውቀዋለሁ፤ ምን እንደሚያወጣ ግን ለመጠየቅ እንኳ አላሰብሁም፤ ይህ የእኔ ሥራ ነው ብሎ የነገረኝም አልነበረም። የማስተካከያ ደብዳቤ በዚያው ዕለት ጻፍሁ። ደብዳቤው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር አንድ ክረምት አለፈ። በዚህ መካከል መጥረጊያው ማሽን በመስመሩ ላይ ደርሶ ጓሮውን አልፎ ነበር። ኮሚቴው በመጨረሻ ካሳውን ለመክፈል ሲቀመጥ ስንት እግር ጌሾ እንደ ነበረ የቆጠረ ሰው ስላልተገኘ፣ ቁጥሩ የተያዘው በአሮጊቷ ቃልና በሁለት ጎረቤቶቻቸው ምስክርነት ነው። የእኔ ካርታ የጓሮውን አራት ማዕዘን ከነልኩ በትክክል ያሳያል፤ በመካከሉም «ቁጥቋጦ» የሚለው ቃል ዛሬም ድረስ ተጽፎበት ይገኛል።